ለዳኛው የመረጥኩት አናት

በሠፈራችን «በርበሬው» ነው የሚሉኝ። ይበሉኝ፣ አልቀየምም። ካሜራ፣ መነጽርና ቴሌስኮፕ መጠገንና መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ደንበኛ ሱቄ ገብቶ የትሪፖድ አናት ያነሳና በአንድ ጣቱ ሽው አድርጎ ያሽከረክረዋል፤ ከዚያ «ይሄ ለስላሳ ነው፣ ይሄን ስጠኝ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አናት ማለት ከሦስቱ እግሮች በላይ ተቀምጦ ቴሌስኮፑን የሚሸከመውና የሚያዞረው ክፍል ነው። ባዶውንማ የትኛውም ይሽከረከራል! መጀመሪያ ሸክሙን አስቀምጥበት። ከዚያ አንድ ጣት ብቻ አሳርፍና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ተከተለው። መቼ እንደተነሳ ካላወቅክ፣ እጅህን ስታነሳም ወደ ኋላ ካልተመለሰ፣ እሱ ነው ለስላሳ። ይህን ለስንቱ ሰው ስጮህ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን የምነግራችሁ፣ ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ በዓለም ላይ ከማንም በላይ ለማከብረው ሰው የማይሆነውን መርጬ ስለሰጠሁበት ቀን ነው።

ሰውየው የታላቅ እህቴ ባል ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ባልደረቦቹ ደግሞ «ዳኛው» ይሉታል። የአደን ክልል ቃኚ ነበር። ቃኚ አይተኩስም። ሊነጋጋ ሲል ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ቴሌስኮፑን ተክሎ፣ ማዶ ሸንተረር ላይ ያሉትን አጋዘኖች አንድ በአንድ ይመረምራል። ፈቃድ ያለው ዕድሜው ለገፋ ወንድ ብቻ ነው፤ ሴት ወይም ገና ያልጠና ወንድ የተመታ እንደሆነ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ አዳኙ ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ የሚጠብቀው የቃኚውን አፍ ነው። ጋሼ ሥራ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነበረው፤ «ነው» እና «ተው»። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ቅጽል ስሙም የወጣለት ለዚህ ነው፤ እሱ ከተናገረ ይግባኝ የለም።

«ቀንድ ይዋሻል፣ አንገት ግን አይዋሽም» ይል ነበር። ዕድሜን የሚያነበው ከአንገት መወፈር፣ ከጀርባ መጉበጥ፣ ከአረማመድ ነው። ይህ አመሉ ከተማም አይለቀውም። አውቶቡስ ስንጠብቅ በክርኑ ጎሸም ያደርገኝና «ያቺ ሴትዮ ጫማዋ አዲስ ነው፣ ግራ ተረከዟን በልቷታል» ይለኛል። ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግራ ጫማዋን ስታወልቅ አያለሁ። እህቴ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው እግር መቁጠሩን ትተህ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን እይ!» ስትለው እሱም «አውቶቡስማ ማንም ያየዋል» ይላታል።

እናታችን ስታርፍ እነሱ ቤት ነው የገባሁት፤ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ሥራ ፈት ነበርኩ። አንድ ቀን ጋሼ የሩቅ ማያ የሥራ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ፍታው፣ ምን እንዳለበት እይ» አለኝ። ፈታሁት። መልሼ ስገጥመው የግራው ዓይን ጉም ለበሰ። ወቀሳ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ምንም የለም። ያን ወቅት በሙሉ በአንድ ዓይን ሠራበት። ባልደረቦቹ ለምን አንድ ዓይኑን እንደሚጨፍን ሲጠይቁት «ለእርጅናዬ እያስቀመጥኩት ነው» ይላቸው ነበር። የእኔን ስም አንድም ቀን አላነሳም። እኔም በሁለተኛው ዓመት አጥርቼ ጠገንኩለት፤ ሙያዬ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ። ባለፈው ዓመት ጋሼ ከቅኝት ሲመለስ ከአንድ ጠርዝ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰበረና እስኪያገኙት ስድስት ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ ተኛ። ዳነ። ግን ከዚያ ወዲህ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርጭቆ ሲያነሳ ያስታውቃል። ሥራውን ግን አልተወም። «ዓይኔ እስካየ ድረስ» ይላል፣ በቃ፣ ሌላ መልስ የለውም። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ቃኚዎቹን ይፈትናል፤ ፈታኙ ከመንጋው አንድ እንስሳ ይጠቁማል፣ ቃኚው በቴሌስኮፑ ተከትሎ ምን እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ከኮረብታው ይወርዳል። የዚያ ዓመት ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ቀን በምሳ ሰዓት፣ እህቴ ሱቄ መጣች።

ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

«ስማኝ» አለችኝ። «ካልሲውን ደብቄ አይቻለሁ። አለቃውን ለምኜ አይቻለሁ። አኩርፌም አይቻለሁ፣ ያኮረፍኩትን እንኳን አላወቀውም። ገደሉ ሬሳውን እስኪሰጠኝ ልጠብቅ?»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ለፈተናው አዲስ አናት ሊያስመርጥህ ይመጣል። እጁን የሚይዝለት ለስላሳ ነገር ይፈልጋል። መጥፎውን ስጠው።»

«አበድሽ እንዴ አንቺ?» ብዬ ጮህኩ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አየን። «ሠላሳ አንድ ዓመት የለፋበትን ሥራ በእኔ እጅ? ምን ብለሽ ነው አፍሽን የከፈትሽው?»

«ፈተናውን ቢወድቅ ቤቱ ይገባል። በሕይወት ይገባል። ማንም አላባረረውም፣ ማንም አላዋረደውም፤ እርጅና ነው ይባላል፣ አለቀ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እህቴ ለቀብር እንኳን ተሰብስባ የምታለቅስ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን መሐረብ እንኳን አልያዘችም። እኔ በደንበኛ ላይ አንበሳ ነኝ፤ የእህቴን እንባ የምችልበት ጉልበት ግን አልተፈጠረልኝም። «እሺ፣ በቃ፣ እሺ» አልኳት። ይህቺን «እሺ» ከማለቴ በፊት ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

አንዳንድ ሻጮች የሚያውቋት ዘዴ አለች። ርካሽ አናት ይፈቱና ውስጡን በወፍራም ግሪስ ጠቅጥቀው ይዘጉታል። በሱቅ ሙቀት እንደ ቅቤ ይሄዳል። ውርጭ ሲመታው ግን ግሪሱ ይጠጥራል፤ አልንቀሳቀስም ብሎ ይይዝና ገፋ ሲያደርጉት ዘሎ ያልፋል። ይህን የሚሠሩትን ስሰድብ ነው የኖርኩት። በማግስቱ ማክሰኞ ከሰዓት በሬን ከውስጥ ቆልፌ በገዛ እጄ ጠቀጠቅኩት። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ሸክም አድርጌበት ሞከርኩ። ያዘ፣ ያዘ፣ ከዚያ ዘለለ። «በጣም ጥሩ» አልኩ። ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት። ማንም ሳይኖር፣ ብቻዬን።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ቴሌስኮፑን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት አናቶች ነበሩ። አንዱ አሮጌ፣ ከባድ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ውስጡ በፈሳሽ ዘይት የሚሠራ፤ በሙቀትም በብርድም አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው አናት የሚንቀጠቀጥን እጅ ራሱ ይሸከመዋል፤ ንዝረቱን ውጦ እንቅስቃሴውን ብቻ ያሳልፋል። ሌላው የኔው ጉድ ነው፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

«እጄን አትይ» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «ልስልስ ያለውን ምረጥልኝ። ዘንድሮን ብቻ ካለፍኩ ሌላ ሦስት ዓመት እሠራለሁ። አንተ ከመረጥክ እኔ አልፈትሽም።»

አልፈትሽም አለኝ። ቢፈትሽ ኖሮ፣ ቢጠራጠር ኖሮ፣ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ እላለሁ። አይ፣ ጥፋቱን እሱ ላይ ልለጥፍ ነው እንዴ ደግሞ? መጀመሪያ እጄ ወደ አሮጌው ነበር የሄደው፤ የለመደው እጅ ነዋ። አንስቼው ነበር። ከዚያ አስቀመጥኩትና አዲሱን ሰጠሁት።

በረንዳው ላይ ተከልንለት። ሰዓቱ ስድስት፣ ፀሐዩ ጭንቅላት የሚበሳ። ያንን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ተከተለው። ሄደለት። እጁ እንኳን የተረጋጋ መሰለ። «ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?» እያለ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ። «የኔ መሐንዲስ» አለኝ። ሲወጣ እያፏጨ ነበር፤ እኔ ሱቁን ዘግቼ ጓዳ ገባሁና ተቀመጥኩ።

ፈተናው ላይ አልነበርኩም። የነገረኝ ወደ ኮረብታው የወሰዳቸው ሾፌር ነው፤ ባይኖክላሩን፣ ባለሁለት ዓይን የሩቅ መነጽሩን፣ ሊያሠራ መጥቶ። ያን ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ነበር። ፈታኙ «ከግራ ሦስተኛውን ተከተል» ሲል መንጋው መራመድ ጀመረ። ጋሼ ገፋ አደረገ፣ አናቱ ያዘ። እንደገና ገፋው፣ ዘለለ። አጋዘኖቹ ተጠጋግተው ስለነበር በመስታወቱ ውስጥ የገባው አራተኛው ነው። ጋሼ እሱን አየና «ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ ገና ያልጠና ወንድ ነበር። ሁለተኛውም ዙር እንደዚያው ሆነ።

«እኔ እኮ በዚሁ በባይኖክላሬ እያየሁ ነበር» አለኝ ሾፌሩ። «አራተኛው የለየለት ሽማግሌ ነው። ዳኛው ሦስተኛውን ቢጠቁሙት አጠገቡ ያለውን አየ እንጂ።»

ገባችሁ? ጋሼ አልተሳሳተም። ያየውን በትክክል ነው የተናገረው። ዓይኑ እንደ ድሮው ነው፤ አናቱ ነው ወደ ጎረቤቱ የወረወረው። ይህን ደግሞ ከሾፌሩና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሾፌሩም ምክንያቱን አያውቀውም። ባይኖክላሩን ጨርሼ ስሰጠው ቪቴውን፣ ማሰሪያ ብሎኑን፣ ሳላጠብቀው ቀርቼ ኖሮ በማግስቱ መልሶ አመጣው። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቼ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ገዥ መጥቶ ለአዲሱ ቃኚ የሚሆን አናት ጠየቀኝ። አሮጌውን ሰጠሁት። ከዓይኔ ይጥፋልኝ ብዬ ነው። ጋሼን በተካው ሰው ቴሌስኮፕ ስር ነው አሁን ያለው።

እህቴ እንደፈለገችው ባሏ ቤቱ ገባ። ግን የገባው ሌላ ሰው ነው። አንዴም አላማረረም፤ «ጊዜው ደርሶ ነው» ብሎ ተቀበለው፤ እኛም መጀመሪያ ተመስገን አልን። ከዚያ ግን ሰዓት ግድግዳው ላይ እያለ «ስንት ሰዓት ነው?» ማለት ጀመረ። የመድኃኒቱን ጽሑፍ እህቴ ታነብለታለች። ሰላምታ የሚሰጡትን ሰዎች «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» ይላል፤ አሥር ዓመት የሚያውቃቸውን! ሴት ልጁ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ መርምሮ «ለዕድሜዎ የሚያስቀና ዓይን ነው» አለው። ጋሼ ግን ሲወጣ ልጁን «ደግ ሐኪም ነው፣ ሊያስከፋኝ አልፈለገም» አላት። አውቶቡስ ጣቢያ አብረን ቆመን ስለማንም ምንም አላለኝም። እኔ ነኝ በክርኔ ጎሸም አድርጌ «ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያነክሰው?» ያልኩት። «እኔ ምን አይቼ» አለኝ።

እህቴ ስልክ ደውላ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ከገደል አድነዋለሁ ብዬ ሰውየውን ራሱን ጣልኩት። ሌሊት ሲገላበጥ እሰማዋለሁ፤ መሸከም አቃተኝ።» እኔንም አቅቶኝ ነበር። ደንበኛ ላይ መጮህ ሁሉ ትቼ ነበር፤ «በርበሬው ታመመ» ይሉ ነበር አሉ። በምን አፌ ነው የምጮኸው?

ቅዳሜ እውነቱን ልነግረው ተስማማን። ትሪፖዱ እነሱ ቤት በአንሶላ ተጠቅልሎ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር። አናቱን አውልቃ ፍሪዘር ውስጥ እንድታሳድረው ነገርኳት። ጠዋት ስደርስ ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ውጭውን ግን አያይም። አናቱን ገጠምኩ፣ ቴሌስኮፑን ጫንኩ፣ ወደ ጎረቤት ጣሪያ አዞርኩት።

«ጋሼ፣ እስቲ የጣሪያውን ጠርዝ ተከተልልኝ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ለእኔ ብለህ።»

ተነስቶ አየ። ገፋው። ያዘ። ደግሞ ገፋው፣ ዘለለና ጠርዙን አልፎ ሰማይ ላይ ቆመ። ጋሼ ቀና አለና እጁን ተመለከተ።

«አየኸው?» አልኩት።

«አየሁ እንጂ። ብሶበታል እጄ።»

«እጅህ አይደለም! ግሪሱ ነው። እኔ ነኝ የጠቀጠቅኩት፣ እያወቅኩ። በብርድ እንደሚይዝ በፍሪጅ ፈትኜ ነው የሰጠሁህ። ጥሩው አጠገቡ ነበር፤ በእጄ ይዤው ነበር። ዓይንህ ምንም አልሆነም። አንተ ያየኸው አራተኛውን ነው፤ አራተኛው ደግሞ እንዳልከው ሽማግሌ ነበር፣ ሾፌሩን ጠይቀው። ከኮረብታ ያወረድኩህ እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳን አፍ የለኝም።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በትከሻዬ ያዘኝ። ፊቴን ተመለከተ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ይምታኝ፣ ያባርረኝ፣ ከቤቴ ውጣ ይበለኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። እሱ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ፈገግ አለ።

«አንተ» አለኝ፣ «ጠማማ ቪቴ አይተህ እንቅልፍ የማይወስድህ ሰው፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ የገዛ ሙያህን ስም ልታጠፋ?»

«እውነቴን ነው! ሙት ልበልህ እንዴ? ቆይ፣ እኔው ላሳይህ!» ብዬ አናቱን ያዝኩት። ያዘ፣ ዘለለ። እጄ ግን እንደ ቅጠል እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ጋሼም ያየው አናቱን አይደለም፣ እጄን ነው።

«ይኸው፣ ከእኔ ተጋባብህ» አለ በለሆሳስ።

እህቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። «እውነቱን ነው!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት! ገደል እንዳይበላህ ብዬ እኔ ነኝ! እሱን ብትምር እንኳን እኔን አትማረኝ!»

ጋሼ ወደ እሷ ዞረ። ሄደና እንባዋን በእጁ ጀርባ ጠረገላት። «እሺ እመቤቴ» አላት፣ ሕፃን እንደሚያባብል። «ተመካክራችሁ መምጣታችሁ ነው? ተዉ በቃ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ያረጃል፣ ምን አዲስ ነገር አለ? እንዲህ የሚያስብልኝ ቤተሰብ ካለኝ ዓይን ምን ያደርግልኛል? ሁለታችሁንም እግዜር ያክብርልኝ።»

ሌላ ምን ልበል? ሾፌሩን እጠራለሁ አልኩት፤ «እሱንም አታስቸግረው፣ ደግ ሰው ነው» አለኝ። ግሪሱን ፈትቼ ላሳይህ አልኩት፤ «ምኑን አየዋለሁ ብለህ ነው?» አለኝ። ቴሌስኮፑን ራሱ አወለቀና በጆንያው ጠቅልሎ ክንዴ ላይ አስቀመጠው። «ዓይን ላለው ሰው ስጥልኝ» አለኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ እስከ ውጭ ልሸኝህ ብሎ ክርኔን ያዘ። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመ፤ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መሬቱን በጫማው ጫፍ ይፈልግ ጀመር። ቤቱን ራሱ ነው ያሠራው፤ ሠላሳ ዓመት ኖሮበታል። ቀኑ ብራ ነበር።

«ደረጃው ስንት ነው?» አለኝ።

«አራት ነው፣ ጋሼ» አልኩትና አንድ በአንድ አወረድኩት።